መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ ብርሃን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እህቴ የልብ ቫልቭ ኦፕሬሽን ተሠርቶላት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የገባች ቀን ቤቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። አልጋው ተነጥፏል፣ አጥሚቱ ፈልቷል፣ ጎረቤት ሰብሰብ ብሏል። መስኮቱ ደግሞ በወፍራም ጋቢ ተጋርዷል። የጋረደችው እናቴ ናት። «ብርድ እንዳይገባባት፣ ምችም እንዳይመታት» አለች። ማንም አልተከራከራትም። እህቴ 9 ቀን እዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተኛች። ቀን ስታንቀላፋ ትውላለች። ሌሊት ዓይኗ ፈጦ ያነጋል። ምግብ አስጠላት። ትንሽ ትልቁ ያስለቅሳት ጀመር።

ለክትትል ስንሄድ አንዲት ነርስ ቁስሉን አየች፣ መድኃኒቱን አንድ በአንድ ጠየቀች፣ ከዚያ «ቀን ቀን የት ነው የምትቀመጠው?» አለችን። ያላሰብነው ጥያቄ ነበር። እርስ በርስ ተያየን። ማታውኑ ጋቢው ከመስኮቱ ላይ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ከሄርማታም፣ ከጅሬንም፣ ከአጋሮና ከሰቃም ሰው እየደወለ ይጠይቀኛል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። አንብቤም ሐኪሞችን ጠይቄም የገባኝን እዚህ ጻፍኩት። የእናንተ ሐኪም የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱ ይቅደም።

ብርሃንን ከልብ ምን አገናኘው?

ሰውነታችን ውስጥ ሰዓት አለ። አንጎል ሥር፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚሻገሩበት ቦታ ከፍ ብሎ፣ 20,000 ያህል ሕዋሳት የተሰበሰቡባት ትንሽ ቦታ አለች። መቼ እንደምንተኛ፣ መቼ እንደምንነቃ፣ መቼ እንደሚርበን፣ የደም ግፊታችን መቼ ከፍና ዝቅ እንደሚል የምትመራው እሷ ናት። ልብም የራሱ ሰዓት አለው፣ ጉበትም አለው። ሁሉም ግን ዋናዋን ሰዓት ይከተላሉ። ይህ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ችግሩ ይህች ሰዓት በራሷ ከተተወች ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ትቀራለች። በየቀኑ የሚያስተካክላት ትፈልጋለች። አባቶቻችን የእጅ ሰዓታቸውን በሬዲዮ ሰዓት ያስተካክሉ እንደነበረው ማለት ነው። የእሷ ሬዲዮ የጠዋት ብርሃን ነው። ዓይናችን ውስጥ ዋና ሥራቸው ማየት ሳይሆን «ነግቷል፣ መሽቷል» ብለው ለአንጎል መናገር የሆነ ልዩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህ ሕዋሳት በደንብ የታወቁት እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ነው፤ የቅርብ ጊዜ እውቀት ነው። በተለይ የሚነቁት ሰማያዊነት ባለው ብርሃን ነው። የጠዋት ሰማይ ደግሞ ይህ ሞልቶታል።

ሲመሽና ሲጨልም አንጎል ሜላቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ይለቅቃል። ሰውነት ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። በጤናማ ሰው ላይ የደም ግፊት ሌሊት ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል። የልብ ምትም ይረጋጋል። ልብ ትንሽ ትንፋሽ የሚያገኘው ያኔ ነው። ደረቱ ተከፍቶ ለተሰፋ ሰው ይህ ዕረፍት እንዴት እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም።

ኦፕሬሽኑ ራሱ እንቅልፍን ያበላሻል?

አዎ፣ ያበላሻል። ሰመመኑ፣ ሕመሙ፣ በኦፕሬሽኑ ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ የሚሠራው ማሽን፣ የሕመም ማስታገሻዎቹ ተደማምረው የሰውነትን ሰዓት ያናጉታል። በዚያ ላይ ፅኑ ሕሙማን ክፍል አለ። እዚያ መብራት ሌትና ቀን ይበራል። ማሽኑ ይጮኻል። በየሰዓቱ ሰው መጥቶ ይነካሃል። ሥራው ስለሆነ ነው፤ ግን ቀኑ ከሌሊቱ አይለይም።

ስለዚህ ሕመምተኛ ቤት ሲገባ ሰዓቱ ተዛብቶበት ነው የሚገባው። ብዙዎች ለጥቂት ሳምንታት ሌሊት ይባንናሉ፣ ያልባቸዋል፣ ይቃዣሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀስ እያለ ይስተካከላል። እኛ ቤት የሆነው ግን ሌላ ነው። ሊስተካከል የነበረውን ሰዓት በጋቢ ጋርደን ዘጋንበት።

አባታችን ከኦፕሬሽኑ በኋላ የማይሆን ነገር ይናገር ነበር። አእምሮው ተነክቶ ነው?

ብዙ ቤተሰብ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ስሙ ዴሊሪየም ይባላል። ሰውየው ያለበትን ቦታ ይረሳል፣ የሌለ ሰው ያያል፣ ገመዱን ልንቀል ይላል፣ ወይም ደግሞ ጭልጥ ብሎ ዝም ይላል። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተለይ በዕድሜ ገፋ ባሉ ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነገር ነው። «ለከፈው» ብሎ መደናገጥ አያስፈልግም። ግን ዝም ብሎ ማየትም አይገባም፤ ኢንፌክሽን፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም የመድኃኒት ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ለነርሷ መንገር ነው።

ሆስፒታል ሳላችሁ ቤተሰብ የሚያደርገው ነገር አለ። መነጽሩን መልሱለት። የመስሚያ መሣሪያ ካለው ጆሮው ላይ ይሁን። «አባዬ፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ያለነው ሆስፒታል ነው» በሉት፤ ደጋግማችሁ። ቀን ላይ መጋረጃው ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ። መስኮት አጠገብ አልጋ ከተገኘ እሰየው። ሌሊት ደግሞ ነርሷን አስፈቅዳችሁ በንጹሕ ጨርቅ ዓይኑን ሸፈን ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሁሉ በጥናት የታየ ነው ወይስ ወሬ ነው?

በጥናት የታየ አለ። ያልተሳካም አለ። ሁለቱንም ላስቀምጥ፣ ምክንያቱም አንዱን ብቻ ይዞ «ብርሃን ያድናል» የሚል ሰው እየበዛ ነው።

ካናዳ ውስጥ ኤድመንተን ከተማ፣ ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰባቸው 628 ሕሙማን ታይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ ታትሟል። ክፍሎቹ ከፊሉ ፀሐይ የሚገባባቸው፣ ከፊሉ ደብዛዛ ነበሩ። ደብዛዛ ክፍል ከተኙት 335 ሰዎች 39ኙ ሲሞቱ፣ ብርሃን ካለው ክፍል 293 ሰዎች የሞቱት 21 ናቸው። አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ደግሞ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 89 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ወጥቷል። በብሩህ ክፍል የተኙት በሰዓት የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ በ22 በመቶ ያነሰ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 የካናዳ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ የሠሩትም አለ። የልብ ጥቃት የደረሰባቸውን አይጦች ለ5 ቀን ብቻ ብርሃንና ጨለማውን አዛቡባቸው። ከዚያ መደበኛውን መለሱላቸው። የነዚያ አይጦች ልብ ጠባሳው በደንብ አልዳነም፤ አቅሙም ከሌሎቹ ይልቅ ደከመ። አይጥ ሰው አይደለም። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀላል እንዳልሆኑ ያሳያል።

ያልተሳካው የትኛው ነው? ሆላንድ ውስጥ በፅኑ ሕሙማን ክፍል 734 ሰዎች ላይ የተሞከረው ነው። ከጣሪያ ኃይለኛ መብራት ቀን ቀን ተደረገላቸው። ዴሊሪየምን አልቀነሰም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። እኔ ከዚህ የገባኝ፣ አንድ መብራት ሰቅሎ ሌላውን እንደነበረ መተው አይበቃም። ሌሊቱም ሌሊት መሆን አለበት፣ ሰውየውም ቀን መንቀሳቀስ አለበት።

የኤድመንተኑም የፒትስበርጉም በቀጥታ የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ እንዳልተሠራ ልብ በሉ። ብርሃን ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት፣ ዋርፋሪንን፣ አይተካም፤ ቫልቭን የሚጎዳው በሽታ እንዳያገረሽ የሚወጋውን የወሩን የፔኒሲሊን መርፌም አይተካም። ከእነሱ ጎን የሚቆም ነገር ነው። ዋጋ ስለማይጠይቅ፣ እኛ አስታማሚዎች በእጃችን ስላለ ነው እንዲህ የምጨቃጨቀው።

ኦፕሬሽኑ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል የሚባለውስ?

ፈረንሳይ ሊል ከተማ የተሠራ አንድ ጥናት እንዲህ ያለ ነገር አሳይቶ ነበር። ከሰዓት የተሠራላቸው ሰዎች ልብ ትንሽ የተሻለ ውጤት ነበረው። ሌሎች በኋላ ያዩት ግን ልዩነቱን አላገኙትም። ወረፋ ደርሷችሁ ጠዋት ከተባላችሁ ጠዋት ግቡ። ወረፋው ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ታውቁታላችሁ።

እናቴ «ምች ይመታታል» ብላ አትወጣም አለች። ምን ልበላት?

እናትን አትከራከሩ። እኔ ሞክሬው አልሠራም።

እናቶቻችን ያስተዋሉት ነገር ውሸት አይደለም። ምች የምንለው፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ያ ቁስል፣ በቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ሰው ሲደክም፣ ሲያተኩሰው ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀሰቀሳል። ከኦፕሬሽን የወጣ ሰው ደካማ ነው። ስለዚህ «ጠራራ ፀሐይ አታውጧት» ማለታቸው ልክ ነው። የተሳሳትነው ጠራራውን ስንፈራ ብርሃኑን ሁሉ መዝጋታችን ላይ ነው።

እኛ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው። ጠዋት ከ1 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ እህቴ በረንዳ ላይ ትወጣለች። ነጠላ ከራሷ ላይ፣ ጋቢ ከትከሻዋ ላይ። የጅማ በርጩማ መደገፊያ ስለሌለው መቀመጫው የፕላስቲክ ወንበር ሆነ፤ በርጩማው የእግሯ ማሳረፊያ ሆነ። እናቴም አጠገቧ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ጥላ ስር ናቸው፣ ብርሃኑ ግን ፊታቸው ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷ «ነግቷል፣ ተነሺ» ማለት ጀመረች።

አንድ አደራ ግን አለኝ። ምች መታት ተብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣት የተለመደ ነው። ሕመምተኛው ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ማንኛውንም ቅጠል ከመጠጣቱ በፊት ሐኪም ይጠየቅ። ዋርፋሪን ከብዙ ነገር ጋር አይስማማም፤ ደሙ ከመጠን በላይ ሊቀጥን ወይም ሊረጋ ይችላል።

ታዲያ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ ወይስ ብርሃን ብቻ ይበቃል?

ለሰውነት ሰዓት ብርሃን ይበቃል። መንገዱ ዓይን ነው እንጂ ቆዳ አይደለም። ፀሐይዋን ትክ ብሎ ማየት ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ዓይንን ይጎዳል። ደጅ መቀመጥ ብቻ ነው።

የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል። ቤት ውስጥ አምፖል በርቶ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ቢሆን ነው። ደጅ ደመና ቢሆን እንኳ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ጠራራ ፀሐይ እስከ 100,000 ይሄዳል። ዓይናችን በፍጥነት ስለሚለምድ ይህን ያህል ልዩነት መኖሩ አይታወቀንም። እኔ ስልኬ ላይ የብርሃን መለኪያ ጭኜ የእህቴን ክፍል ለካሁት። የስልክ ልኬት ግምት ነው፤ ቢሆንም ጋቢው እንደተጋረደ 4 አለኝ። በረንዳው ላይ ጥላ ስር 6,000 አለፈ። 4 እና 6,000። ቁጥሩን ለእናቴ ሳሳያት «ውይ ልጄን!» አለች።

ሞራ ዓይናቸው ላይ የወጣባቸው አዛውንቶች ከሌላው ሰው የበለጠ ብርሃን ያስፈልጋቸዋል። ሞራው ብርሃኑን ይከለክለዋል።

ቤታችን የጭቃ ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ ሲከፈት ንፋስ ይገባል።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። መስታወት ቢኖር ዘግቶ መጋረጃውን መክፈት ይበቃ ነበር። ጣውላ ወይም ቆርቆሮ ከሆነ ግን ወይ ብርሃንና ንፋስ፣ ወይ ጨለማ ነው። ጎረቤታችን ያደረገውን ልንገራችሁ። ከገበያ ነጭ የሚያሳይ ላስቲክ ገዝቶ በመስኮቱ ልክ ቆረጠ። ዳር ዳሩን በቀጭን እንጨት አድርጎ ቸነከረው። ንፋሱ ቀረ፣ ብርሃኑ ገባ። አንድ ከሰዓት አልፈጀበትም። ቀን ለትንሽ ጊዜ በሩ ተከፍቶ አየሩ ይቀየር።

አልጋውንም አዙሩት። ራስጌው መስኮቱ ስር ከሆነ ብርሃኑ በሰውየው ራስ ላይ ያልፋል እንጂ ዓይኑ ውስጥ አይገባም። ፊቱ ወደ መስኮቱ ይሁን። ማድ ቤት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ወደዚያኛው ክፍል አሻግሩት። የማገዶ ጭስ ለተሰፋ ደረት ጠላት ነው፤ እያንዳንዷ ሳል ደረትን ታሳምማለች።

ስንት ሰዓት ላይ፣ ለስንት ደቂቃ?

ጅማ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ትላለች። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ለሕመምተኛ ይመቻል። በመጀመሪያ 10 ወይም 15 ደቂቃ፣ ሲበረታ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ። ከሐኪሙ የታዘዘውን የእግር ጉዞ እዚያው ላይ አድርጉት። አንድ ዙር ግቢውን፣ ነገ ሁለት ዙር። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ፀሐይ ተዉት።

ከደቂቃው ይልቅ ሰዓቱ አለመለዋወጡ ይበልጣል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መንቃት። ሌሊቱን ባይተኛም እንኳ ጠዋት ይነሳ። ቀን ሲያንቀላፋ ከ8 ሰዓት በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈቀድለት።

ክረምትስ? ጅማ እኮ ዝናቡ አያባራም።

እውነት ነው። ግን ደመናማ የሐምሌ ጠዋት እንኳ ከብሩህ አምፖል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጣራ ባለው በረንዳ ላይ፣ ዝናቡ በማይደርስበት፣ ወፍራም ለብሶ መቀመጥ ነው። አውሮፓ ውስጥ ክረምት ሲሆን ቀኑ 8 ሰዓት የማይሞላበት አገር አለ። እኛ ዘንድ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚበላለጡት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኛን የሚያሳጣን ሰማዩ ሳይሆን የተዘጋው በር ነው።

በመብራት የሚሠራ የብርሃን ማከሚያ እንግዛ?

አያስፈልግም። ገንዘቡን ለመድኃኒትና ዋርፋሪን ደሙን ምን ያህል እንዳቀጠነው ለሚያሳየው የአይኤንአር ምርመራ አስቀምጡት።

ሌሊት መብራት ይብራ ወይስ ድብን ብሎ ይጥፋ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ለእንቅልፍ ጨለማው ይሻላል። ለመውደቅ ግን ጨለማው ክፉ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ወድቆ ራሱን ከመታ አንጎሉ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ደረቱም ገና አልያዘም። የደረት አጥንት ለመግጠም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። የጅማ ግቢ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፤ መጸዳጃ ቤቱ ደጅ ከሆነ አስቡት።

ስለዚህ ዋናው አምፖል ይጥፋ። ደብዘዝ ያለች፣ ቢጫማ ብርሃን ከመሬት ዝቅ ብላ ትብራ፤ ዓይን ላይ ሳይሆን መንገዱ ላይ። የእጅ ባትሪ ትራስ አጠገብ ይቀመጥ። ፖፖ አልጋ አጠገብ ማድረግ ነውር የለውም። ሲነሳም በእጁ ተመርኩዞ ራሱን አይግፋ፤ ወደ ጎን ዞሮ ይነሳ፣ ሰው ይርዳው። ደጅ የበራ ፓውዛ በመስኮቱ የሚገባ ከሆነ ያን ጊዜ መጋረጃው ይዘጋ። መጋረጃ ሥራው ለሌሊት ነው።

መብራት ሲሄድ ኩራዝ አታብሩበት። ጭሱ አይሆንም።

ላዚክስ የሚባለውን ውሃ የሚያስሸና መድኃኒት ማታ የሚወስድ ሰው ሌሊት ለሽንት ይነሳል። ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማምጣት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። በራሳችሁ ግን አትለውጡ።

ስልክና ቴሌቪዥንስ?

ሲመሽ ያደክማሉ። ስልኩ ከብርሃኑ ይልቅ የሚያመጣው ወሬ ነው እንቅልፍ የሚነሳው። ከማታው 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር።

ጠያቂ አያስተኛንም። እንዴት እንበል?

ጅማ ውስጥ የታመመ ሰው ቤት ባዶ አይሆንም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። «አላህ አፊያ ያድርግሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ» እየተባለ ሲያመሽ ደስ ይላል። ግን ሰዉ የሚመጣው ከሥራ በኋላ ስለሆነ ቤቱ እስከ 4 ሰዓት መብራት እንደበራ ያመሻል። ሕመምተኛው ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ተቀምጦ ይሰማል።

እኛ ነገሩን ለአንድ በሰፈር ለሚከበሩ አባት ነገርናቸው። እሳቸው «ሐኪም ማታ ከልክሏል፣ ጠዋት ኑ» ብለው አስወሩ። ማንም አልተቀየመም። እንዲያውም የጠዋቱን ቡና በረንዳው ላይ አወጣነው። ሲኒው፣ ረከቦቱ፣ ፈንዲሻው ሁሉ ደጅ ወጣ። ጠያቂውም እዚያ መጣ፣ እህቴም ሳታውቀው አንድ ሰዓት ሙሉ ብርሃን ላይ ተቀመጠች። ግን ነፋሱ የከሰሉንና የዕጣኑን ጭስ በማያመጣበት በኩል ነው የምትቀመጠው።

እሷስ ከቡናው ትጠጣ?

በጅማ ምድር ቡና ተከልክሎ እንዴት ይሆናል አይባልም፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ከተፈቀደ አቦሏን ጠዋት ትጠጣ። ከ8 ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ግን ማታ ድረስ ደም ውስጥ ይቆያል፣ እንቅልፍ ይነሳል።

ጫት ላይ ግን ማስተባበያ የለኝም። የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል። በርጫ ደግሞ ጭሱ ያፈነው ክፍል ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ ነው። ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም። ወንድም፣ ጓደኛ፣ ማንም ቢጋብዝ አይሆንም።

ጠባሳውን ፀሐይ ቢያገኘውስ?

አዲስ ጠባሳ ፀሐይ ከነካው ይጠቁራል፣ ጠቁሮም ሊቀር ይችላል። አንድ ዓመት ያህል በልብስ ይሸፈን። ብርሃኑ የሚያስፈልገው ለዓይን ስለሆነ ደረትን መግለጥ አያስፈልግም።

ከፀሐይ ጋር የማይስማማ መድኃኒት አለ?

አለ። የልብ ምት ሲዛባ የሚታዘዘው አሚዮዳሮን ቆዳን ለፀሐይ በጣም ስስ ያደርገዋል፤ በትንሽ ፀሐይ ያቃጥላል። እሱን የሚወስድ ሰው ጥላ ስር ይቀመጥ፣ ረጅም እጅጌና ኮፍያ ያድርግ። ላዚክስና የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ በሙቀት ጊዜ ያዞራሉ። ድንገት ብድግ አይበል።

ቫይታሚን ዲስ?

እሱ ከዚህ የተለየ ነው። በቆዳ በኩል ነው የሚሠራው፤ በመስታወት ውስጥ በሚገባ ብርሃን አይሠራም። ያንሳል የተባለ ሰው በምርመራ ይታወቅለታል።

ሕመምተኛው ልጅ ከሆነ?

አገራችን ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ናቸው። ለልጅ ነገሩ ይቀላል፤ ራሱ ደጅ ልውጣ ይላል። የእናንተ ሥራ ሌሎች ልጆች ደረቱን እንዳይገፉት መጠበቅ ነው። ውሃ የሞላ ጀሪካን ማንሳት፣ ኳስ መራገጥ፣ ዛፍ መውጣት ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ። ማታ ግን ከታላላቆቹ ጋር ቴሌቪዥን ፊት አያምሽ።

ብርሃኑንም ጨለማውንም አስተካክለን እንቅልፍ እንቢ ካለስ?

መጀመሪያ ለምን እንደማይተኛ ጠይቁት። ሕመም ከሆነ ማስታገሻው ይታይ። ጭንቀት ከሆነ፣ ማልቀስና ተስፋ መቁረጥ ከበዛ ለሐኪሙ ንገሩ። ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ድባቴ የተለመደ ነው፤ መታከምም ይችላል።

«ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል» ካለ ግን የብርሃን ጉዳይ አይደለም። ሁለት ሦስት ትራስ ካልተደረደረለት የማይተኛ፣ ሌሊት አፍኖት ብድግ የሚል፣ እግሩ የሚያብጥ፣ በሁለት ቀን ኪሎው የጨመረ ሰው ልቡ ደክሞ ሰውነቱ ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ ከስፌቱ መግል፣ ደረቱ ሲንቀሳቀስ ቀጭ ቀጭ ማለት፣ የልብ ምት መዘበራረቅ፣ ጥቁር ሰገራ፣ የማይቆም ነስር፣ አፍ መጣመም፣ አንድ ጎን መዛል፣ ንግግር መተሳሰር፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ሌሊት ከሆነ ይንጋ ብላችሁ አትጠብቁ።